የሰርዲኑ ታንክ ቀለም

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ አቤል ከቁም ሳጥን አናት ላይ ያወረደውን አሮጌ የቆርቆሮ ታንክ ጆሮው ሥር ይዞ ነቀነቀና፣ «እማዬ፣ ውስጡ የሆነ ነገር አለ» አለኝ። «ጠጠር ነው፣ ተወው» አልኩት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠጠር ነው ስል የኖርኩት ነገር ነው።

ታንኩን እንዲያወርድ ያደረግሁት እኔው ነኝ። አክስቱ ለልደቱ የሚገጣጠም የፕላስቲክ ታንክ ገዝታለት፣ የጀሞው ኮንዶሚኒየማችን ሳሎን ቲነር ቲነር ይሸት ነበር። ትንንሽ የቀለም ጠርሙሶች አሉት፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው፤ የትኛው ቁጥር የት እንደሚቀባ ወረቀቱ ይናገራል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍ፣ «እኛ በልጅነታችን ያለ ቁጥር ነበር የምንቀባው!» ብዬ ጉራዬን ነዛሁበት። «እስቲ አሳዪኝ» አለ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው መካኒሳ ነበር። አባቴ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ቀቢ ነው። የግራ አውራ ጣቱ ጥፍር አንድም ቀን የራሱን መልክ ይዞ አያውቅም፤ የደባለቀውን ቀለም ጠብ አድርጎ የሚሞክረው እሱ ላይ ነበር። እናቴ እራት ላይ ጥፍሩን እያየች «ዛሬ ደግሞ የማን መኪና ነው አብሮን የሚበላው?» ትለው ነበር። እኔ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ «አባዬ፣ ልክ መጣ!» ስለው፣ «እርጥብ ቀለም ውሸታም ነው፤ ይድረቅና ያኔ ታወሪያለሽ» ይለኛል።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤታችን የእጅ ሥራ ኤግዚቢሽን አዘጋጀ። ሴቶቹ ዳንቴል፣ ወንዶቹ የሽቦ መኪና ሲሉ እኔ እልኸኛዋ ታንክ አልኩ። የሰርዲን ቆርቆሮ ገላው ሆነ፣ ቆርኪ ጎማው፣ የእስክሪብቶ ቀፎ መድፉ። ከላይ የሚቀመጠውን ጭንቅላቱን ከየት ላምጣ ስል የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ትዝ አለኝና ጋሽ ሽፈራው ዘንድ ሄድኩ።

ጋሽ ሽፈራው ጓሯችን ያለችውን አንዲት ክፍል የተከራዩ ጫማ ሰፊ ነበሩ። ሲበዛ ዝምተኛ። ግራ እጃቸው ከክርኑ በታች ተቃጥሎ ተጨማዷል፤ እኛ ልጆቹ ቡታጋዝ ፈንድቶባቸው ነው እንል ነበር እንጂ የጠየቀ የለም። ባዶውን ቆርቆሮ ሰጥተውኝ «ለምንሽ ነው?» አሉ። «ለታንክ» ስላቸው ድንግጥ አሉ።

በኤግዚቢሽኑ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ታንኬን የሎሚ ቅጠል የመሰለ አረንጓዴ ቀብቼ ግቢ ውስጥ ሳደርቅ ጋሽ ሽፈራው መጡ። «የታንክ ቀለም ይሄ አይደለም» አሉና ቁጭ ብለው የአባቴን ትርፍራፊ ቀለም ጣሳ ክዳን ላይ መደባለቅ ጀመሩ። አረንጓዴው ላይ ጥቁር ጠብ፣ ቢጫ ጠብ፣ ትንሽ ቀይ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ከግቢው አፈር ቆንጥረው ጨመሩበት። በስመአብ! አባቴ ቀለም ውስጥ አንዲት ፀጉር ብትገባ ቤቱ ይታመሳል፤ እሳቸው አፈር! «ታንክ አቧራ ውስጥ ነው የሚውለው» አሉኝ። ሲደርቅ ግን ሰርዲንነቱ ጠፍቶ እውነተኛ ታንክ ሆነ፤ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። «የት አወቁት?» ስላቸው፣ «ታንከኛ ነበርኩ። አራት ሆነን እንኖርበት ነበር» አሉ።

ከእናቴ ክብሪት ለምነው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ክብሪት ሦስት ጊዜ ሲጫር ሰማሁ፤ ሲጋራ ሊለኩሱ መስሎኝ ነበር። የጫማ ቀለም ቆርቆሮውን ክዳን በማስቲሽ አጣብቀው ዘወር አሉና ጥቁሩን ቀለም ያዙ። ታንኬን ከግራ ጎኑ ጀምረው እስከ አናቱ ጥቀርሻ አስመሰሉት። «እንዲህ ነበር» አሉ።

ክው አልኩ። ነገ እኮ ኤግዚቢሽን ነው! «አበላሸኸው! እብድ! አንተ እብድ!» ብዬ ጮህኩ፤ አንቱታውን ራሱ ጣልኩት። እናቴ ከማጀት ብቅ ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጋሽ ሽፈራው ብሩሹን ቀስ አድርገው አስቀመጡና «እውነትሽን ነው ልጄ» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። አባቴ ከሥራ ሲገባ ሰምቶ «አሁኑኑ ሄደሽ ይቅርታ ጠይቂያቸው!» አለኝ። «ነገ» አልኩት። እሱ እጁን ሲታጠብ ጥቁሩን በቲነር ጠራርጌ አወጣሁት፤ የአፈሩም ቀለም አብሮ ወጣ። መልሼ በሎሚ ቅጠሉ አረንጓዴ ቀባሁት።

በማግስቱ ኤግዚቢሽኑ ላይ ሁለተኛ ወጣሁ። ታንኬን ታቅፌ ስመለስ ጋሽ ሽፈራው ጫማ የሚሰፉበት ታክሲ ማቆሚያ ጋ ዓይን ለዓይን ተጋጨን። አረንጓዴው ፀሐይ ላይ ያብለጨልጫል። ብዙ ካዩት በኋላ «አምሯል፤ ጎበዝ» አሉኝ። ይቅርታው ምላሴ ላይ ነበር፤ አፈርኩና አለፍኩ። በሁለተኛው ሳምንት ክፍሉን ለቀው ሄዱ። የት እንደሄዱ የሚያውቅ ሰው አልተገኘም።

እንግዲህ አቤል ያንን ክዳን ነው በቢላ ጫፍ ፈልቅቆ የከፈተው። ጠጠር አልነበረም። አራት የክብሪት እንጨቶች ናቸው። ሦስቱ ተቃጥለው ከስለዋል፤ አንዱ አልተነካም።

ሶፋው ላይ ዘጭ አልኩ። አራት ነበርን ብለውኝ ነበር እኮ! ሦስት ጊዜ ሲጫር በጆሮዬ ሰምቻለሁ እኮ! የሦስት ሰው መቃብር በቲነር ጠርጌ፣ አብለጭልጬ፣ ሽልማት ተቀብዬበታለሁ። እሳቸው ደግሞ «ጎበዝ» አሉኝ። አቤል «እማዬ፣ ምን ሆንሽ?» ሲለኝ እንባዬ ቀደመኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። ጠርሙሶቹን ወደ ጎን ገፋ አደረገና «የሳቸው ቀለም ቁጥሩ ስንት ነው?» አለ። ቁጥር የለውም አልኩት። ከብሎካችን ሥር ወርዶ አፈር ቆንጥሮ አመጣ። አረንጓዴ፣ ጥቁር ጠብ፣ ቢጫ ጠብ፣ ትንሽ ቀይ። እንደ አባቴ ጥፍሬ ላይ ሞክሬ እስኪደርቅ ጠበቅንና አሮጌውን ታንክ ቀባነው። የግራ ጎኑን ጥቁር እኔው ቀባሁት። የዛሬ ልጆች ቀለም ቢጠፋቸው ወረቀቱን ያያሉ፤ ደስ ይላል፣ አይሳሳቱም። ያኔ ግን ቀለሙን የሚያውቀው ሰው አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነበር፤ እኔ ሰውየውን አልጠየቅኩትም።

ሦስቱን ክብሪቶች መልሼ ክዳኑን አጣበቅኩት። ያልተቃጠለውን አልመለስኩትም፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ትናንት መካኒሳ ስደርስ በታክሲው መስኮት መንገድ ዳር ጫማ የሚሰፉ ሽማግሌ አየሁና «ወራጅ አለ!» ብዬ ጮህኩ። ሰውን እየገፋሁ ወረድኩ፣ ሮጬ ደረስኩ። ግራ እጃቸው ደህና ነበር፤ እሳት አልነካውም።