ከአማቴ ጋር የተራመድንበት ክረምት

ኮኪት ላይ የትራክተር መለዋወጫ የምንሸጥበት ሱቅ አለን። ባለቤቴ እርሻው ላይ ሲውል እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ ኩሽኔታና ፊልትሮ ስሸጥ እውላለሁ። ጉልበቴ እየያዘኝ ስነሳ ጠረጴዛ መደገፍ ስጀምር ጎንደር ሄጄ ታየሁ። ሐኪሟ በየቀኑ ተራመጂ አለችኝ።

እኔ ነገር የምጀምረው በእልህ ነው። ስኒከር ገዛሁና ጎህ ሲቀድ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው አስፋልት ላይ ላብ እስኪያጠምቀኝ መገስገስ ያዝኩ። ታዲያ እንግዳ ሲመጣ ወይም ሲያመኝ አንድ ቀን እቀራለሁ። የቀረሁ ዕለት ሁሉም የፈረሰ ይመስለኝና ለዚህ አልተፈጠርኩም ብዬ ጫማውን አልጋ ሥር እወረውረዋለሁ። እንዲህ ስጀምር ስተው ከረምኩ።

ክረምት ሲገባ አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከደጋ መጡ። ወድቀው ትከሻቸው አካባቢ ተሰብረው ነበርና፣ ከዳኑም በኋላ ክንዳቸው ወደ ላይ አልነሣ አለ። ጤና ጣቢያ ግድግዳውን በጣታቸው እየዳሰሱ እጃቸውን ወደ ላይ እንዲያወጡ አሳዩዋቸው። አማቴ ጧት ጸሎታቸውን አድርሰው ግድግዳው ሥር ይቆማሉ። አንዳንድ ቀን እጃቸው ከመስኮቱ በላይ ይደርሳል። ወባ ይዟቸው በተነሡ ማግስት ግን ከደረታቸው ሳያልፍ አወረዱትና ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

«ዛሬ እንኳ ቢያርፉ ምን ነበረበት? ይኼስ ተሠራ ይባላል?» አልኳቸው።

«ለዛሬ የቻልኩት ይኼን ነው፣ ልጄ። ልሥራ አልሥራ ብዬ ማሰብ ከጀመርኩማ መቅሪያ ምክንያት አላጣም» አሉኝ።

ንግግራቸው ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። በማግስቱ ጫማዬን አወጣሁ። ውጭው የዋልካ ጭቃ ሆኖ እግር ስለሚይዝ፣ ባዶውን የሰሊጥ መጋዘናችንን ውስጥ ለውስጥ መዞር ጀመርኩ። አማቴም ተከተሉኝ። የትራክተር ሹፌራችን ስንዞር አይቶ የጠፋን ነገር ያለ መስሎት አብሮን መሬት መሬቱን ሲያይ ቆየ። ነገሩን ስንነግረው ሣቀና ወደ ሥራው ሄደ።

በመካከሉ አብርሃ ጅራ ከተማ ለቅሶ ልደርስ ሄጄ ሳልራመድ ሰነበትኩ። እንደ ድሮው ቢሆን እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። የተመለስኩ ዕለት ግን አማቴን መጋዘኑ በር ላይ ሸበጣቸውን አድርገው ቆመው አገኘኋቸው። ስለ ለቅሶው እያወራን ዞርን።

ሰሊጡ ተሰብስቦ መጋዘኑ ሲሞላ ወደ አስፋልቱ ወጣን። አማቴ በሁለት እጃቸው ሻሻቸውን አስረው ወደ አገራቸው ከተመለሱ ወዲህ ብቻዬን ነኝ። ጉልበቴ ጨርሶ አልተወኝም፤ ከወንበር ስነሳ ግን ጠረጴዛ አልይዝም። ዛሬ ሙቀቱ ገና በጧቱ ስለበረታብኝ ከነዳጅ ማደያው ሳላልፍ ተመለስኩ። ገላዬን ታጥቤ፣ ቁርሴን በደንብ በልቼ ሱቄን ከፈትኩ።