አረር፣ ቀለህና የጋሽ መኮንን ሲኒ

ዓርብ ጠዋት ሲያትል ካለው ሠፈሬ ከቢከን ሂል የተነሣሁት ለሁለት ጉዳይ ነበር። ሬንተን ወርጄ የመጀመሪያ ጠመንጃዬን ልገዛ፣ ከዚያም ተራራውን ተሻግሬ አስተካክሎ መምታቱን ልፈትን። ነሐሴ ነው። ሲያትል በዓመት ጥቂት ሳምንት ብቻ የምታሳየውን ሰማይ ገልጣለች፤ የሬኒየር ተራራ ከነበረዶው ከመኪናዬ መስታወት ፊት ለፊት ቁጭ ብሏል።

የጉዞው ጠንሳሽ ጋሽ መኮንን ናቸው። በወጣትነታቸው ባሌ ውስጥ አዳኞችን መንገድ ይመሩ ነበር፤ አሁን መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ይጠብቃሉ። አሜሪካ ከገቡ ጀምሮ በጥቅምት አጋዘን ለማደን ሲያስቡ ኖረው፣ ዘንድሮ የቀኝ ዓይናቸውን ሞራ ጋረደው። በክረምቱ መግቢያ ቤታቸው ጠሩኝና ቁርጡን ነገሩኝ።

"መንገዱን እኔ አሳይሃለሁ፣ አንተ ትተኩሳለህ። ግን እንስሳ አቁስሎ ከሚለቅ ሰው ጋር ጫካ አልገባም።" ከመደርደሪያው አንድ ሲኒ አወረዱ። "በመቶ ያርድ ሦስት ጊዜ ትተኩሳለህ። የዚህ ሲኒ አፍ ሦስቱንም ቀዳዳ ከሸፈነ እንሄዳለን። ካልሸፈነ አንተም ትቀራለህ፣ እኔም እቀራለሁ። የሚመጣው ዓመት ላይ ይሄ ዓይን አያደርሰኝም።"

"ትንሽ ሰፋ ያለ ሲኒ የለም?" አልኳቸው።

"አለ። እሱ ለእንግዳ ነው።"

ሥራዬ በአንዲት ትንሽ የብረታ ብረት መሥሪያ ቤት የተቆረጡ ብረቶችን እየለኩ ማረጋገጥ ነው። ከፀጉር የቀጠነ ስህተት አይቼ ብረት እመልሳለሁ። ስለዚህ ነገሩን እንደ ሥራዬ ያዝኩት። ቤተ መጻሕፍት ያለውን የጠመንጃ መጽሐፍ ሁሉ ተዋስኩ፤ ስለ አፈሙዝ፣ ስለ ሰደፍ፣ ስለ ማነጣጠሪያ መነጽር የማላውቀው የቀረ አልመሰለኝም። ጠመንጃው ስለሚጎርሰው ነገር ግን ብዙም አላነበብኩም። ጥይት ጥይት ነው ብዬ።

ሬንተን

ጠመንጃ ቤቱ ከአውሮፕላን ፋብሪካው ጀርባ ካለው መንገድ ላይ ነው። የስድስት ወር የቅዳሜ ኦቨርታይም ክፍያዬን ይዤ ገባሁ። የመረጥኩት ሰባት ሚሊሜትር ነው፤ ጋሽ መኮንን "የድሮው የሞዘር ልክ ይሁን፣ እሱን አውቀዋለሁ" ስላሉኝ። እንጨቱ እንደ ደረቀ ቡና ፍሬ ጠቆር ያለ፣ መቀርቀሪያው በአንድ ጣት የሚንሸራተት ነበር። ሻጩ መነጽሩን ገጠመልኝ፣ ወረቀቱን ሞላሁ።

ጥይት ቀረ። መዝገበ ቃላቴ ውስጥ ጥይት ማለት "ቡሌት" ነው። ስለዚህ ቡሌት አልኩት። ሻጩ ቀና ብሎ አየኝ።

"ሪሎድ ታደርጋለህ?"

በጭንቅላቴ ወደ አማርኛ መለስኩት፤ እንደገና ማጉረስ። አምስት ጥይት የሚጎርስ ጠመንጃ ሸጦልኝ ሲያልቅ እንደገና አጎርስ እንደሆነ ይጠይቀኛል።

"አዎን፣ ሁልጊዜ" አልኩት።

"ጎበዝ! በአንተ ዕድሜ የሚሞክረው ጥቂት ሰው ነው" ብሎ መቶ የያዘች ሳጥን ሰጠኝ። ትንሽ ናት ግን ከባድ። ትንሽነቷ ገርሞኝ ነበር። ሆኖም መንገድ ላይ ጥይት መክፈት ጥንቃቄ የጎደለው ሥራ መስሎኝ እንደታሸገች ከኋላ ወንበር ስር አኖርኳት።

ወደ ተራራው ማዶ

ጋሽ መኮንን እዚያው ሬንተን ባለው አፓርትመንታቸው በር ላይ ኮት ለብሰው ቆመው ጠበቁኝ። ሲኒዋን በመሐረብ ጠቅልለው ኪሳቸው ውስጥ ይዘዋታል።

"መረቅኸው?" አሉ ጠመንጃውን እያዩ።

"ገና ነው፣ ጋሼ።"

"እግዚአብሔር ለሥራ ያድርገው፣ ለጥፋት አያድርገው። በል ንዳ።"

አይ ናይንቲ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ምሥራቅ ወጣን። የስኖኳልሚ መተላለፊያ ላይ ጥዱ መንገዱን ከሁለት በኩል ያጥበዋል፤ አሮጌዋ መኪናዬ ስታቃስት ከባድ መኪኖች ሁሉ አለፉን። ከመተላለፊያው ሲወርዱ ዛፉ እየሳሳ ይሄድና በመጨረሻ የደረቀ ሣር የሸፈነው ኮረብታ ይተካል። ከመንገድ ዳር የኮክ ፍሬ ገዛን። ፍልሰታ ስለሆነ ጋሽ መኮንን ከቤት የያዙት ዳቦና ሽምብራ ብቻ ነው።

"በጾም ለአደን መዘጋጀት ነውር አይሆንም?" አልኳቸው።

"ምን ነውር አለው! ዛሬ የምንገድለው ወረቀት ነው። ወረቀት የጾም ነው።"

ኤለንስበርግ ስንደርስ ነፋሱ የመኪናዬን በር ከእጄ ነጠቀው። ያ ሸለቆ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ እንደዚህ ነው አሉን። የተኩስ መለማመጃው ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ስር ነው፤ አንድ ሸበቶ ሰው ብቻ ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር። ወረቀቱን መቶ ያርድ ላይ ሰቀልኩ፣ ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ አጋደምኩ፣ ሳጥኗን ከፈትኩ።

ውስጧ መቶ ሹል የመዳብ ጫፎች በረድፍ ተደርድረዋል። ቀለህ የለም፣ ባሩድ የለም፣ ምንም የለም። የጥይት ራስ ብቻ።

ጋሽ መኮንን አንዱን አንሥተው ወደ ደህናው ዓይናቸው አስጠጉት።

"ሰሎሞን፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ጥይት።"

"ይሄ አረር ነው!"

"አረር? እኔ የማውቀው ወጥ ሲያር ነው።"

መጀመሪያ አላመኑኝም። ከዚያ ጠረጴዛውን ይዘው እስኪያስላቸው ሳቁ። "አገሩን ሁሉ ስትለካ ትውላለህ፣ ቃሉን ሳትለካው ቀረህ! እየው፤ ጭንቅላቱ አረር፣ ቀፎው ቀለህ፣ ሆዱ ውስጥ ያለው ባሩድ። ሦስቱ ሲገናኙ ነው ጥይት።" ሻጩ የጠየቀኝ ነገር ያኔ ገባኝ። ሪሎድ ያለው ጠመንጃ ማጉረስን ሳይሆን ባዶ ቀለህ በባሩድና በአረር እንደገና መሙላትን ነው።

ከተማው ውስጥ ያሉትን ሁለት መደብሮች ዞርን፤ በዚህ ልክ የተሠራ ጥይት አልነበራቸውም። የሚቀጥለው ነፃ ቀኔ ሩቅ ነው። ጋሽ መኮንን ኪሳቸው ውስጥ ሲኒዋን ይነካኩ ጀመር። እሱ ከሳቃቸው ይልቅ ከበደኝ።

የረሳሁትን ኢላማ ላወርድ ወደ መለማመጃው ስንመለስ ሸበቶው ሰው አሁንም እዚያው ነበር። ስሙ ዋልተር ነው፣ ጡረታ የወጣ የባቡር ሠራተኛ። አፌን ሞልቼ የደረሰብኝን ነገርኩት፤ እሱም እንደ ጋሽ መኮንን ጠረጴዛውን ይዞ ሳቀ።

"አባቴ የተወልኝ ጠመንጃ የዚሁ ልክ ነው" አለ በመጨረሻ። "ቀለህም ማሽኑም ቤቴ አለ። የጎደለህ አረር ቢሆን ነበር የምንቸገረው፤ እሱን ግን መቶ ይዘሃል።"

የዋልተር ጋራዥ

መሣሪያው ሥጋ መፍጫ የሚመስል፣ ጠረጴዛ ላይ የታሰረ ባለ ረጅም እጀታ ብረት ነው። ዋልተር ቀለሁን ከታች ያስገባና እጀታውን ይጫናል፤ በተኩስ ያበጠው ናስ ወደ ልኩ ይመለሳል። ቀጥሎ ቂጡ ላይ የጠመንጃው መርፌ ሲወጋት እሳት የምትተፋውን ትንሽ ክብ ይተክላል። ከዚያ ባሩድ፣ ከላይ አረር።

ባሩዱን እኔ እንድመዝን ፈቀደልኝ። ያ ሚዛን የእኔ ቋንቋ ነበር። ዋልተር መጽሐፉን ገልጦ "ሁልጊዜ ከዝቅተኛው እንጀምራለን፤ ጥቂት ጨምረን ደግሞ ሁለተኛ ረድፍ እንሠራለን፤ ከመጽሐፉ ጣሪያ አናልፍም" አለኝ። የባሩዱ ቅንጣት ጥቁር ጤፍ ይመስላል። አንዲት ቅንጣት ስትበዛ በጉጠት አነሣሁ። ዋልተር ወደ ጋሽ መኮንን ዞሮ "ልጁ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?" አለ፤ ተረጎምኩላቸው።

"ሽሮም ሲሠራ ጨው በፍሬ ነው የሚቆጥረው በለው።"

የዋልተር ሚስት በአሳማ ሥጋ የተሞላ ዳቦ ይዛ መጣች። ጋሽ መኮንን ደረታቸውን ይዘው ጎንበስ ብለው እምቢ አሉ፤ ስለ ጾሙ ሳስረዳት ሄዳ ከጓሮዋ የተቀቀለ በቆሎ አመጣች። ቅቤውን ለብቻው አስቀምጣው ስለነበር ጋሽ መኮንን ባረኳት። ነፋሱ እስከ ማታ ስላላቆመ፣ ጓሯቸው ውስጥ ባለች ካራቫን፣ በመኪና በምትጎተት ትንሽ ቤት፣ አደርን።

ቅዳሜ ጠዋት

ሣሩ ላይ አንዲት ቅጠል አትንቀሳቀስም። በጥቂት ተኩስ መነጽሩን ወደ መሀል አመጣሁና በዝቅተኛው ባሩድ ለሲኒዋ ሦስት ተኮስኩ። ሄደን አየን። ሁለቱ ጎን ለጎን፣ ሦስተኛው እንደ ተጣላ ሰው ለብቻው። ጋሽ መኮንን ሲኒዋን ገጠሙ፤ አልሸፈነችም።

አፈሙዙ እስኪበርድ ጠብቀን በሁለተኛው ረድፍ ሦስት። አሁንም ሁለቱ ከውስጥ፣ የሦስተኛው ግማሽ ከሲኒዋ ጠርዝ ውጭ።

"ግማሽ ገብታለች" አልኩ።

"ግማሽ አጋዘን አይወድቅም።"

ባሩዱን እንደገና እንመዝን አልኩ ለዋልተር። ሚዛኑ ቢሳሳት ነው፣ ወይም ቀለሁ፣ ወይም መነጽሩ። ጋሽ መኮንን ግን የተኮስኳቸውን ቀለሆች ከጠረጴዛው ላይ ይለቅሙ ነበር። ለዋልተር በእጃቸው የሆነ ምልክት አሳዩት፤ ዋልተር ሳቅ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

"ዞር በል። ለአንዴ እኔ ላጉርስልህ" አሉኝ።

ዞርኩ። መቀርቀሪያው ሲዘጋ ሰማሁ፤ ተቀመጥኩ፣ አነጣጠርኩ፣ ቃታውን ሳብኩ። ቀጭ አለ። ምንም አልፈነዳም፤ አፈሙዙ ግን በራሱ ወደ ታች ዘሎ ጠረጴዛውን መታ። ያጎረሱኝ ባዶ ቀለህ ነበር።

"አየኸው? ጠመንጃው አልነካህም፣ አንተ ነህ የነካኸው። ድምፁን ፈርተህ ቀድመኸው ትዘላለህ። ባሩዱን በቅንጣት መዝነህ ራስህን ትተኸዋል።"

ያን ያህል አፍሬ አላውቅም፤ ያን ያህልም ቀሎኝ አያውቅም። ጥፋቱ እኔ ዘንድ ከሆነ ማረም እችላለሁ። ጋሽ መኮንን አንዴ ባዶ፣ አንዴ ሙሉ እያቀያየሩ አጎረሱኝ፤ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ቀስ ብዬ ሳብኩ። ባዶው ላይ አፈሙዙ እንደ ድንጋይ እስኪረጋ ድረስ ቀጠልን። ነፋሱ ሣሩን መነቅነቅ ሲጀምር የቀሩን ሦስት ጥይቶች ነበሩ።

ተኮስኳቸው። ሦስታችንም ወደ ወረቀቱ ሄድን። ጋሽ መኮንን አላዩትም፤ በጣታቸው ዳሰሱት። ሁለቱ ቀዳዳዎች ተነካክተዋል፣ ሦስተኛው አጠገባቸው ነው። ሲኒዋን ገጠሙ።

"ዳር ዳሩን እየው። የወጣ አለ?"

ዞሬ ዞሬ አየሁ። "የለም፣ ጋሼ።"

"በደንብ ለካው፣ እንደ ሥራህ።"

"ለክቼዋለሁ። የለም።"

ሲኒዋን ከወረቀቱ ላይ አንሥተው በመሐረባቸው ጠቀለሏት። ከዚያ በእንግሊዝኛቸው "ኦክቶበር!" አሉት ዋልተርን። ዋልተር እጃቸውን ጨብጦ "ካራቫኗ ትጠብቃችኋለች" አለ፤ ሃያ ቀለህም በከረጢት ሰጠን።

መመለሻ

ሲያትል ስንቃረብ ደመናው እንደተለመደው ተራራው ላይ ተቀምጦ ጠበቀን። ሬንተን ጋሽ መኮንንን አወረድኳቸው። መኪናውን ሳስነሣ ወንበሩ ላይ የመሐረብ ጥቅል አየሁና ሮጬ ደረስኩባቸው።

"ሲኒዎን ረሱ።"

"አልረሳሁም። ተለማመድበት። በጥቅምት አንተው ይዘኸው ትመጣለህ።"

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ብዙ አይደለም። ጥይት ከሦስት ነገር እንደሚሠራ፣ አራተኛው ቃታውን የሚስበው ሰው እንደሆነ፣ ሚዛን ደግሞ ሦስቱን ብቻ እንደሚመዝን አወቅሁ። ቃሉን ግን አልረሳውም፤ የዚያን ቀን ማታ ጠመንጃውን ስወለውል ምድጃ ላይ የጣድኩት ሽሮ አረረ።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ሬንተን ያለው ጠመንጃ ቤት ሄድኩና ባሩድ ጠየቅሁ። ያው ሻጭ ነበር፤ አላስታወሰኝም።

"ሪሎድ ታደርጋለህ?" አለኝ።

"አዎን" አልኩት።