አሥራ አንድ ቀን የሚፈጀው ስሌት

ዶክትሬቴን ጨርሼ ስመለስ ሙያዬን ለእናቴ ማስረዳት አቅቶኝ ነበር። ብዙ ኮምፒውተሮችን አገናኝቶ እንደ አንድ አድርጎ ከባድ ስሌት ማሠራት ነው ስላት፣ ታዲያ አንዱ አይበቃም ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አይበቃም አልኳት። ይህንኑ መልስ ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሰውም ሰጠሁ፤ የምጽፈውም ስለዚያ ነው።

የተቀጠርኩት በከተማችን ምሥራቅ በኩል ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ውጭ አገር የተማርኩበት ተቋም ከአገልግሎት ያወጣቸውን ሃያ አራት ሰርቨሮች በእርዳታ ላከልን፤ የለመንኩት እኔው ነኝ። አንድ ባዶ መጋዘን ተሰጠኝ። ቀለም አስቀባሁ፣ ኤሲ አስገጠምኩ፣ ገመዱን በገዛ እጄ ዘረጋሁ። ሁሉም አንድ ላይ የተነሡ ቀን ጩኸታቸው ከኮሪደሩ ማዶ ይሰማ ነበር። ባልደረቦቼ እየመጡ አጠገባቸው ፎቶ ተነሡ። እኔም ተነሣሁ።

የመጀመሪያዋ የማስተርስ ተማሪዬ ከገርጂ ወረድ ብሎ ካለ የወንዝ ዳር ሰፈር ነበር የምትመጣው። እናቷ ሾላ ገበያ በርበሬ ይሸጣሉ። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ሞልቶ ጓዳቸው ድረስ ይገባል። ይህን ያህል ዝናብ ቢጥል ውሃው የትኛው ቤት፣ በስንት ሰዓት ይደርሳል? እሷ አስቀድማ ለማወቅ የፈለገችው ይህን ነበር። እኔ ደግሞ ከተማውን በሙሉ እናስላው አልኳት። ትልቅ ማሽን አለን፣ ትልቅ ሥራ እንሥራበት አልኩ። ያ ስሌት ሳያቋርጥ አሥራ አንድ ቀን መሄድ ነበረበት።

አንድም ጊዜ አሥራ አንድ ቀን አልሞላም። መብራት አንዴ በሦስተኛው ቀን ይጠፋል፣ አንዴ በስድስተኛው። ባትሪው የሚይዘው ማሽኖቹን በሥርዓት እስክናጠፋ ብቻ ነው፤ ጀነሬተሩ የአስተዳደር ሕንፃው ነው። እሷ ስሌቱ በየሰዓቱ የደረሰበትን እንዲያስቀምጥና መብራት ሲመጣ ከዚያው እንዲቀጥል አድርጋ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጻፈችው። ሁለት ወር ፈጀባት፤ እኔ ካስተማርኳት በላይ አድርጋ ነው የሠራችው። ዘጠነኛው ቀን ላይ ስንደርስ መብራቱ ሄደና በኃይል ሲመለስ ውጤቱ ሁሉ የሚቀመጥበትን የዲስክ ሳጥን አቃጠለው። ስንገባ ክፍሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። አላለቀሰችም። መስኮቱን ከፈተችና ሄዳ ተቀመጠች።

መለዋወጫው ከውጭ ታዞ መጣና ጉምሩክ ተቀመጠ። ከቀረጥ ነፃ የሚያስገባው ደብዳቤ ጊዜው አልፎበት ነበር። እሱን ለማሳደስ ከግዢ ክፍል ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ፣ ከዚያ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ስመላለስ ክረምቱ ገብቶ ወጣ። የጉምሩክ መጋዘኑ ጥበቃ ገና ከሩቅ ሲያየኝ አልተለቀቀም ለማለት ራሱን ይነቀንቅልኝ ጀመር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላፕቶፗን ይዛ ቢሮዬ መጣች።

"ዶክተር፣ የኛን ሰፈር ብቻ ብሠራውስ? ከድልድዩ እስከ ወፍጮ ቤቱ ያለውን። ለሱ ይሄ ይበቃል።"

"አይበቃም" አልኳት። "አንድ ሰፈር ላይ የተሠራ ነገር ምርምር አይባልም። ትንሽ ታገሺ።"

ለእሷ ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። እውነቱ ግን፣ በላፕቶፕ የሚሠራ ከሆነ ያን ሁሉ ማሽን ምን አስለመነህ እንዳልባል ፈርቼ ነው። እሺ ብላ ወጣች። ታገሠችም። የመመረቂያ ጊዜዋ አለቀና ከተማሪነት ተሰረዘች። መለዋወጫው የተለቀቀው ከዚያ በኋላ ነው። ገጠምኩት፣ ሠራ። የማሠራው ስሌት ግን አልነበረኝም።

ከሁለት ዓመት በኋላ አንድ ጠዋት መገናኛ ታክሲ ተሰልፌ አየኋት። ቦሌ ለሚ ወዳለ የልብስ ፋብሪካ የሚወስዳትን ሰርቪስ እየጠበቀች ነበር። በየማምረቻ መስመሩ የተሰፋውን ሸሚዝ ብዛት ኮምፒውተር ላይ መመዝገብ ነው ሥራዋ። ስለ እናቷ ጠየቅኳት። የወንዝ ዳሩ ቤቶች ፈርሰው ከከተማው ጫፍ ኮንዶሚኒየም እንደደረሳቸው፣ እናቷም ከዚያ ሾላ መመላለሱ ከብዷቸው ገበያውን እንደተዉ ነገረችኝ።

"ሠርቼው ነበር እኮ" አለችኝ። "የኛን ሰፈር። ከተሰረዝኩ በኋላ። ላፕቶፑ ላይ አራት ቀን ነው የፈጀው።"

"ውጤቱስ?"

"በቀጣዩ ክረምት ውሃው ያልኩት ቤት ጋ፣ ባልኩት ሰዓት ደረሰ። የነገርኳቸው ጎረቤቶች ዕቃቸውን ቀድመው አወጡ።"

ለምን እንዳላመጣችልኝ ጠየቅኳት።

"እርስዎ ምርምር አይባልም ብለውኝ ነበር" አለች። ቂም አልነበረበትም አነጋገሯ፤ የጠየቅኳትን ነው የመለሰችው።

ይዘሽው ነይ፣ እንደገና አስመዘግብሻለሁ አልኳት።

"ቤቶቹ የሉም እኮ ዶክተር። አሁን ለማን ይሆናል?"

ሰርቪሱ መጣና ገባች።

ያም ሆኖ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ዘርዝሬ ማመልከቻ ጻፍኩላት። የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ኮሚቴ ተወያይቶ መመሪያው አይፈቅድም ሲል መለሰ። ደውዬ ስነግራት አመሰገነችኝ። የስፌት መኪኖቹ ድምፅ ውስጥ ሆና ስለምታወራ አንዳንዱ ቃሏ አይሰማኝም ነበር፤ ድገሚልኝ ለማለት ግን አልደፈርኩም።

ማሽኖቹ ባለፈው ዓመት እንዲወገዱ ተወሰነ፤ ባለሙያ ነህ ተብዬ የንብረት አስወጋጅ ኮሚቴው አባል ሆንኩ። የንብረት ክፍሉ ኃላፊ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው፣ ይህ ዕቃ ምን ሲሠራ ነበር ብለው ጠየቁኝ። "ምንም" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዚያ "አገልግሎት ያልሰጠ" ብለው ጻፉ። ፈረምኩ።

ትምህርቱን አሁንም እሰጣለሁ፣ ማሽኑን በስላይድ እያሳየሁ። በዚህ ሴሚስተር ሦስት ተማሪዎች ተመዝግበው አንዱ አቋርጧል። ባለፈው ሳምንት ከቀሩት አንደኛው የመመረቂያ ርዕሱን ሊያማክረኝ መጣ። ሳላስጨርሰው እሺ አልኩት። ደስ ብሎት ወጣ። ርዕሱ ይረባ አይረባ ግን ልብ ብዬ አላዳመጥኩትም።