ጎሚስታው እና ትንሿ ፍሬዛ

ባለቤቴ ያጠበቀውን ነገር ከእሱ በቀር የሚፈታው የለም። ልጃችን ትንሽ ሳለ የማርማላታውን ብልቃጥ አባቱ ከዘጋው፣ ደረቅ ዳቦውን እያኘከ ትምህርት ቤት ይሄድ ነበር። እኔም የጓዳው ቧንቧ አልከፈት ብሎኝ ባዶ ድስት ታቅፌ የጠበቅሁት ቀን ብዙ ነው።

አይፈረድበትም። ዕድሜውን የፈጀው በአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ጎሚስታ ሆኖ ነው። የጎማ ብሎን ሲያስር ቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ይሰካና በሙሉ ክብደቱ ይንጠለጠልበታል። የሥራ ጓደኞቹ «ብረት እጅ» ይሉታል። እሱ ያሰረው ጎማ መንገድ ላይ ወልቆ አያውቅም፤ ሌላ የሚኮራበት ነገርም የለውም።

ጡረታ ሲወጣ ከቤታችን ጀርባ ያለችውን ክፍል ያዘ። መዳፍ የማታህል፣ በእንፋሎት የምትሠራ ሞተር ልሠራ ነው አለ። ለምን እንደምትጠቅም ጠየቅሁት። «ትዞራለች» አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁም። ከምሠራበት ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ደክሞኝ ስገባ የሞረዱን ድምፅ እሰማለሁ፤ ስተኛ እሰማለሁ፣ ስነሣም እሰማለሁ። የሞተሯ ሁለት ክፋዮች ግን አልገጥም አሉት። በእጅ የተሞረደ ብረት ለዓይን ለጥ ያለ ይምሰል እንጂ፣ ሁለቱን አጋጥሞ ወደ መስኮት ሲያነሣቸው በመሃላቸው ብርሃን ያልፋል። ብርሃን ካለፈ እንፋሎትም ያልፋል።

«ፍሬዛ ያስፈልገኛል» አለ አንድ ቀን። ፍሬዛ ማለት ብረቱ ጠረጴዛ ላይ ይታሰርና ከላይ የሚሽከረከር ቢላ እየላገ የሚያስተካክለው ማሽን ነው።

ልጃችን ሊጠይቀን መጥቶ ነበርና ሰማ። «አባዬ፣ ይቺ ክፍል እኮ ብትከራይ እማዬን ከዚያ ከማጠቢያ ቤቱ እንፋሎት ታወጣት ነበር።»

እውነቱን ነው። አባትየውም፣ «ማሽኑን ልግዛ። ሞተሯ ካልዞረች ክፍሉን በእጄ ጠርጌ አስረክብሃለሁ» አለው። በማግስቱ የሚወዳትን ሞተር ብስክሌቱን ሸጠ።

ያገለገሉ ማሽኖች ወደሚሸጡበት መጋዘን ይዞኝ ሄደ። ነጋዴው መጀመሪያ ያሳየን በር የሚያክል ፍሬዛ ነበር። «ይሄ አንበሳ ነው፣ አባቴ! ከትልቅ ፋብሪካ የወጣ!»

«አንበሳውን አስገብቼ እኔና እሷ የት እንደር?» አለው ባለቤቴ።

ቀጥሎ የሚያብረቀርቅ፣ አዲስ የሚመስል የብረት መብሻ ማሽን አቀረበ። ጠረጴዛ ተገጥሞለታል፤ ይበሳልም ይልጋልም ተባለ፣ ዋጋውም የሚያጓጓ ነው። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ቢላው የሚታሰርበትን አንገት በሁለት እጁ ይዞ ግራ ቀኝ ወዘወዘው፤ ጋራዥ ውስጥ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ያለቀበትን ጎማ የሚያውቀው እንዲህ እያደረገ ነበር። አንገቱ ተንቀጠቀጠ። «ይሄ ወደ ታች ብቻ ነው የሚችለው። ከጎን ሲገፉት ይፈራል» አለና አለፈው።

ጥግ ላይ ቀለሟ የተላላጠ፣ ቁመቷ ከወገቤ የማይበልጥ ፍሬዛ ተቀምጣለች። አቧራ ጠጥታለች፤ የፍጥነት መቀያየሪያዋ እጀታ ወልቆ በሽቦ ታስሯል። ባለቤቴ አንገቷን ይዞ ወዘወዛት። ንቅንቅ የለም። መሪዋን በአንድ ጣት አዞረው፤ ጠረጴዛዋ ልስልስ ብላ ሄደች። ደግሞ ወዘወዘ፣ ደግሞ አዞረ።

«አባቴ፣ ማሽን ነው የሚመርጡት ወይስ ሚስት?» አለ ነጋዴው።

«ሚስት እንደዚህ ብመርጥ ኖሮ፣ ይቺ ሴትዮ ጥላኝ ትሄድ ነበር።»

«አሁንም አልረፈደም» አልኩ። ነጋዴው ሳቀ፤ ሲስቅ ዋጋ ቀነሰ። በመብሻው ዋጋ ሰጠን።

እቤት እንደደረሰች ብትን አደረጋት። እያንዳንዱን ብሎን በናፍጣ አጠበ፣ ዘይት ቀባ፣ መልሶ ገጠመ። ማሽኗን አስነሥቶ ብረቱን ወደ ቢላው ሲገፋ ግን ጠረጴዛዋ ደረቀች። መሪውን በሁለት እጁ ታገለው፤ እምቢ ትልና ድንገት ትዘላለች። ብረቱ እንደ ቆርቆሮ ጣሪያ ሸንተረር በሸንተረር ሆነ። በመጨረሻ ቢላው ቀጭ ብሎ ተሰበረ። የቀረው አንድ ቢላ ብቻ ነው።

ልጃችን በሳምንቱ መጥቶ የሆነውን አየ። አልጋ የት ሊቆም እንደሚችል ዓይኑ ሲለካ አየሁት። «እሑድ አንድ ተከራይ አመጣለሁ፣ ቤቱን ብቻ ይየው» አለኝ በጆሮዬ።

ልጁ ሲሄድ ባለቤቴ መጥረጊያ አነሣ። በሕይወቴ መጥረጊያ ይዞ አይቼው አላውቅም። ሞረዶቹን በጨርቅ ጠቅልሎ ካርቶን ውስጥ ከተተ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ቃል ሰጥቻለሁ። ጉድ ሠራኝ ያ ነጋዴ።»

«አንተ፣ መጋዘን ውስጥ በአንድ ጣት ስታዞራት አልነበር?»

«አዎ።»

«ታዲያ ከዚያ ወዲህ ማን ነካት?»

ወደ ማሽኗ ዞረ።

«አውቶቡስ አይደለች» አልኩት። «የትም አትሄድ። ምኗ እንዳይወልቅ ነው እንደዚህ የጠፈርካት?»

መጥረጊያውን ጥሎ ማሽኗ ሥር ተንበረከከ። በጠረጴዛዋ ጎን በኩል የተደረደሩትን፣ መንሸራተቻዋን የሚያጠብቁትን ትንንሽ ብሎኖች ጋራዥ ውስጥ እንደለመደው በቧንቧ አጥብቋቸው ኖሯል። ሊያላላቸው ቁልፉን ያዘ፤ እጁ ግን እምቢ አለው። የላላ ብሎን ለእሱ መንገድ ላይ የሚገለበጥ አውቶቡስ ነው። ፀጉር ታህል ያላላል፣ ጠረጴዛዋን ይገፋል፤ ደግሞ ያላላል። በጣም ሲላላ ትወዛወዛለች፣ ትንሽ ይመልሰዋል። ላብ በአፍንጫው ጫፍ ይንጠባጠብ ነበር። በመጨረሻ መሪውን በአንድ ጣት ነካው፤ ጠረጴዛዋ ሄደች፣ ስትሄድም አልተንቀጠቀጠችም።

የቀረውን ቢላ አስሮ ማሽኗን አስነሣ። ድምፁ አዲስ ጨርቅ ሲቀደድ ይመስል ነበር። ከብረቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ፍቅፋቂ እየተነሣ ወለሉን ሞላው። ሁለቱን ክፋዮች ላገና አጋጥሞ ወደ መስኮቱ አነሣቸው።

«እስኪ እዪ» አለኝ፤ በራሱ ዓይን አላመነም።

አየሁ። ብርሃን የለም።

እሑድ ልጃችን ከተከራዩ ጋር ሲደርስ ሞተሯ ተገጣጥማ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች፤ በቀጭን ቱቦ ከጎኗ ካለች ትንሽ የውኃ ማፍያ ጋር ተያይዛለች። ማፍያዋ በጋዝ ምድጃዬ ላይ ትንተከተካለች። ማንም ሰላምታ አልሰጠም። ባለቤቴ ትንሿን መዘውር በአውራ ጣቱ ገፋ አደረጋት። አንድ ዙር ዞራ ቆመች። የልጄ ፊት ሲጨማደድ አየሁ፤ እሱም ለካ እንድትዞር ይፈልግ ኖሯል። ባለቤቴ ደግሞ ገፋት። ቱፍ አለች። ቱፍ፣ ቱፍ፣ ከዚያ ዓይን መከተል እስኪያቅተው ድረስ ተሽከረከረች፤ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ሁሉ ተንጫጫ።

«አባዬ!» ብሎ ልጄ እንደ ሕፃን ጮኸ። አባትየው እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ቆመ። ጋራዡ የጡረታ ሽልማት የሰጠው ዕለት እንኳ እንደዚህ አልቆመም።

ተከራዩ አንገቱን በበሩ አስግጎ፣ «ክፍሏ ይቺ ናት?» አለ።

«ተይዛለች» አለው ልጄ፣ ዓይኑን ከሞተሯ ሳይነቅል።

«በማን?»

«በአባቴ።»

እኔ ነገም ወደ ልብስ ማጠቢያው እሄዳለሁ። ቢሆንም ማንም ሳያዘኝ ጓዳ ገብቼ በማንቆርቆሪያ ውኃ አመጣሁ፤ በማፍያዋ ያለው እንዳያልቅባት ብዬ።