በርሜሉ ቆጮ አይደለም

ነጭ ለብሰው ለመጠመቅ ወንዝ የገቡት ሰዎች ሮዝ ሆነው ወጡ።

መጀመሪያ ያየው ከበሮ መቺው ነው። መምታቱን አቆመ። ዳር የቆሙ አንድ እናት ግን «ደሙ! ሃሌ ሉያ!» ብለው ጮኹ፣ ጉባኤውም ተቀበላቸው። ፓስተር ቃለሕይወት እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ እንደቆሙ ሽቅብ ወደ ዳገቱ ተመለከቱ። እዚያ የአባይነሽ ግቢ አለ፤ ግቢው ውስጥ የክር ማቅለሚያ በርሜሎች ተደርድረዋል።

«ደም አይደለም» አሉ ፓስተሩ። «አባይነሽ ናት።»

አባይነሽ ከመዘምራኑ ጋር ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። መዝሙሩን ሳታቋርጥ ጎንበስ አለች።

ሶዶ ውስጥ ለዱንጉዛ፣ ለወላይታው ባለቀለም የባህል ልብስ፣ የሚሆን ክር የሚያቀልሙ ሌሎችም አሉ። እንደ አባይነሽ ቀይ የሚያወጣ ግን የለም ይላሉ ሸማኔዎቹ፤ እሷም አትከራከርም። ከገሱባና ከተበላ ከተሞች ድረስ ይመጡላታል። ጊፋታ ሲቃረብ ደግሞ ግቢዋ ገበያ ይሆናል፤ ዘመን ሲለወጥ ዱንጉዛ ያልለበሰ በዓሉ ያለፈው ይመስለዋል። ቀለሙ ከሱቅ የሚገዛ ዱቄት ነው። ይፈላል፣ ክሩ ይነከራል፣ ይታጠባል፣ እጣቢው በቦዩ ቁልቁል ይሄዳል። የት እንደሚደርስ አስባበት አታውቅም ነበር።

በማግስቱ ሶርሳ መጣ። የቀበሌው የአካባቢ ጥበቃ ሠራተኛ ነው። ወላይትኛውን ትቶ ዕቃውን ሴት በሚያደርግ አማርኛው ከጀመረ ጉዳዩ የመንግሥት ነው ማለት ነው።

«አባይነሽ፣ ከጊፋታ በፊት ሌላ ጥምቀት አለ። እኔ ወንዙ ዳር እቆማለሁ። ውኃው ቀይ ሆና ከመጣች በርሜሉ ትነሣለች።»

«ጊፋታ ሊደርስ? ያ ሁሉ ሸማኔ ምን ሊሸምን ነው?»

«እሷን ለውኃው ንገሪያት።»

አባይነሽ አረካ ወዳለው የአጎቷ ልጅ ደወለች። በእምነት ይባላል፤ በግብርና ምርምር ሥራ ላይ ነው።

«ቀለም የሚበላ ነገር የለም?»

«ጓሮሽ ሞልቷል» አላት። «እንሰት ስትፍቁ የምትጥሉት፣ አጫጭሩ ቃጫ። እጠቢው፣ አድርቂው፣ በርሜል ውስጥ ጠቅጥቂው፣ እጣቢውን ከላይ አፍስሺ። ቀለሙ ቃጫው ላይ ይቀራል፣ ውኃው ያልፋል።»

«ክሩ ላይ እንደሚቀረው?»

«እንደሱ። ግን ጠራ ብለሽ እንዳትጠጪው። ቀለሙን ያዘ ማለት ሁሉን ያዘ ማለት አይደለም። ቀይ የሆነውንም ቃጫ ከብት እንዳይበላው።»

ወሬው ሰፈሩን ዞረ። ሴቶቹ ቃጫ በአጥር ላይ መወርወር ጀመሩ። ቆርቆሮው ላይ ተሰጣ፣ የልብስ ገመዱ ላይ ተሰጣ፣ አንዱ ደግሞ ውሻው ላይ አረፈ። የጎን ጎረቤቷ መብራት፣ የጥልፍ ቤት ያላትና የማርያም ማኅበር የማታስታጉል ሴት፣ ይህን ሁሉ እያየች ትስቃለች።

«እኛ ገና በጨቅላነት ተነክረን ተገላገልን» አለች። «እናንተ ጴንጤዎች ናችሁ ጢም እስክታበቅሉ ቆይታችሁ ወንዝ የምታጨናንቁት።»

«ሳቂ። በርሜሌ ከተነሣ ለጥልፍሽ ቀይ ክር ከየት እንደምታመጪ አያለሁ።»

መብራት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ቃጫ ማገላበጥ ጀመረች።

ቅዳሜ ሁሉም ተዘጋጀ። የበርሜሉ ሥር ተበሳ፣ ቃጫው ተጠቀጠቀ። አባይነሽ አንድ ባልዲ ቀይ እጣቢ ከላይ አፈሰሰች። ከሥር ምንም አልመጣም። ሌላ ባልዲ ጨመረች። ምንም።

«ጠጣው እንዴ?» አለች መብራት።

«እኔ ምን አውቃለሁ? በእምነት ጠቅጥቂው አለኝ፣ ጠቀጠቅኩት።»

መብራት ተንጠራርታ በርሜሉ ውስጥ አየች። ከላይ የእንሰት ቅጠል፣ በቅጠሉ ላይ ድንጋይ። ጎኑም በቅጠል ተለብጧል። ሥሩም።

«አንቺ! ቆጮ ነው እኮ የቀበርሽው!»

አባይነሽም አየች። እውነት ነው። ጠቅጥቂ የሚለውን ቃል ስትሰማ እጇ ከልጅነቷ ጀምሮ የሚያውቀውን ሠራ፤ ቅጠል አነጠፈች፣ በእግሯ ረገጠች፣ ጠቀለለች፣ ድንጋይ ጫነች። አየር የማያስገባውን ቅጠል ውኃ ያሳልፍልኝ ብላ ስትጠብቅ ዋለች።

«መቼ ነው የሚደርሰው?» አለች መብራት እንባዋን እየጠረገች። «ክትፎ ልግዛ?»

አባይነሽ መሬት ላይ ተቀመጠች። መሳቅ ጀመረች፣ ማቆም አቃታት። ሁለቱም እስከ ክርናቸው ቀይ ሆነው ቅጠሉን አወጡ፣ ሥሩን ጠጠር አለበሱ፣ ቃጫውን መልሰው ላላ አድርገው ሞሉ። አፈሰሱ። መጀመሪያ ሻይ የመሰለ ወረደ። ቀጥሎ የሻይ ኩባያ እጣቢ። ከዚያ ውኃ።

አባይነሽ ስትጮህ ዶሮዎቹ አጥር ዘለሉ።

እሑድ ሶርሳ ወንዙ ዳር ቆመ። እንዲህ በቀላሉ አልለቀቃትም። «ዛሬ ካልሠራሽ ውኃው ብትጠራ ምን ይገርማል? እየተጠመቁ እጣቢው ይፍሰስ።» አባይነሽ መዘምራን መሐል ናት፤ ማፍሰሱ ለመብራት ተሰጠ።

ፓስተሩ ጸሎቱን ጀመሩ። ጉባኤው ዓይኑን ጨፈነ። ጸጥ አለ። ከዳገቱ አናት የመብራት ድምፅ መጣ፦

«አባይነሽዬ! ደፋሁት!»

ከበሮ መቺው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ፓስተሩ አሜን ቢሉም ማንም ዓይኑን ወደ ሰማይ አላነሣም፤ ሁሉም ቦዩ ወንዙን የሚቀላቀልበትን አፍጥጦ ይጠብቃል። አባይነሽ እየዘመረች ነው፤ ምን እየዘመረች እንደሆነ ግን አታውቅም።

ውኃው መጣ። ድንጋዮቹ ሥር ድረስ ይታያሉ። የመጀመሪያው ተጠማቂ ገባ፣ ጠለቀ፣ ወጣ። ነጭ። ሁለተኛዋ ነጭ። እልልታው ከወዲህም ከዳገቱም ተነሣ።

ሶርሳ ከቦዩ አፍ በብርጭቆ ቀዳ፤ ወደ ፀሐይ አነሣው፣ ወደ አፉም አስጠጋው።

«አትጠጣው!» አባይነሽ መዘምራኑን ሰንጥቃ ሮጠች። «ለዓይን ነው የጠራው! ለሆድ ማን ነገረህ?»

ሶርሳ ብርጭቆውን ደፋ። ፊቱን ለማኮሳተር ሞከረ፤ አልሆነለትም።

«በርሜሉ ትቆያለች» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በወላይትኛ ለጊፋታ ዱንጉዛ እንደሚፈልግ፣ ቀዩም ደማቅ እንዲሆንለት ነገራት።

«ተራ ያዝ» አለችው፣ በአማርኛ።