አውራው የተነሣ ዕለት

በቤትም በሥራም የሚጠሩት «አቶ እሺ» እያሉ ነው። ታላቅ ወንድሙ ጋሼ «ሬዲዮኑን ዝጋ» ሲለው እሺ፤ «ዛሬ እንዳታመሽ» ሲለው እሺ። አምሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሳሎን ያለችው ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ግን አንድም ቀን ተቀምጦ አያውቅም። የጋሼ ናታ! የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው፤ አንዲት እናት ነጎድጓዱንም ዝምተኛውንም ወልዳለች።

ታናሽ እህታቸው ልብስ ሰፊ ናት። የስፌት መኪናዋን ጋሼ «ጆሮዬን በላው» ብሎ ጓዳ አስገብቶባታል። በዚያ ጨለማ ዓይኗ ደክሞ፣ መርፌ ላይ ክር ማስገባት እንኳ እያቃታት መጥቷል። አቶ እሺ «ጋሼ የሄደ ቀን መኪናሽን መስኮቱ ሥር አደርግልሻለሁ» እያለ በሹክሹክታ ያጽናናታል። እሷም ያንን ቀን ተስፋ አድርጋ ትሰፋለች።

እሱ የሚሠራው አንድ የምርምር ተቋም ውስጥ ነው፤ ዓሣ ይንከባከባል። በየመስታወት ገንዳው አንድ አውራ አለ፤ ደማቅ ቢጫ፣ ዓይኑ ላይ ጥቁር መስመር ያለው፣ ሌሎቹን ሲያሳድድ የሚውል። የተቀሩት ግራጫ ናቸው፤ ጥግ ይዘው ይኖራሉ። አቶ እሺ ከሥራው ሁሉ የሚወደው የማለዳውን ነው። መብራት ሳይበራ አውራውን በመረብ ቀስ ብሎ ያወጣዋል። መብራቱ ሲበራ ከግራጫዎቹ አንዱ ቦታው ባዶ መሆኑን ያያል፤ ብዙም ሳይቆይ ጥቁሩ መስመር ብቅ ይላል፣ ቢጫውም ይከተላል። ያኔ በዓሣው አንጎል ውስጥ አንቀላፍተው የቆዩ ጂኖች ሥራ እንደሚጀምሩ ምርምሩን የምትመራው ዶክተር ነግራዋለች። «የሚቀሰቅሳቸው ማዕረጉ ነው» ነበር ያለችው። አቶ እሺ ይህን ሲሰማ ልቡ ሞቀ። «የኔም ቀን አለ» አለ በልቡ።

ቀኑም መጣ። ጋሼ በሥራ ተዛውሮ ሌላ ከተማ ሊኖር፣ ጎህ ሳይቀድ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ወጣ። አመሻሹ ላይ አቶ እሺ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። አቤት ምቾቷ! እግሩን ዘረጋ፤ ሬዲዮኑን ከፈተ። እህቱ የገባላትን ቃል ይዛ መኪናዋን ራሷ ጎትታ መስኮቱ ሥር አቆመችና መስፋት ጀመረች።

«ኧረ ዝም አሰኚው! ሰው ዜና እየሰማ!»

የአቶ እሺ ድምፅ ቁርጥ የጋሼን ነበር። ራሱም ደነገጠ፤ ይቅርታ ግን አላለም። የተበደለ ሁሉ ደግ ይመስለናል እኮ! እህቱ መኪናዋን ሸፍና ወደ ጓዳ ገፋችው።

በማግስቱ ገንዳው ፊት ፈዞ ቀረ። ከጓደኞቹ ጋር ጥግ ተወሽቆ የኖረው ግራጫ ዓሣ፣ ዛሬ ደምቆ እነዚያኑ ጓደኞቹን ያባርራል። አቶ እሺ አፈረ።

«ዶክተር፣ ይሄ ቀለም ተመልሶ ይጠፋል?»

«ከሱ የሚበልጥ ከመጣ ወዲያው ነዋ።»

«ማንም ሳይመጣበትስ?»

ሳቀች። «በገዛ ፈቃዱማ? እኔ አላየሁም። ዓሣ እኮ ነው።»

ቤቱ እንደገባ አረፍ እንኳ አላለም። ወንበሯን ተሸክሞ ጓዳ ከተታት፤ መኪናውን አውጥቶ መስኮቱ ሥር አደረገ። ከዚያም በዚያው በድሮው ለስላሳ ድምፁ «ነይ እህቴ፣ እዚህ ስፊ» አላት።

እህቱ ፊቱን አየችው፤ ቶሎ ብላም ወደ በሩ ዞረች።

«ወንድምዓለም፣ ጋሼ መጣ እንዴ?»

«አልመጣም» አላት። «ማንም አልመጣም። ክሩን ስጪኝ፣ እኔ ላስገባልሽ።»