የመርዶ ነጋሪዋ ሰባት ራት

የሺሐረግን በማለዳ በሩ ላይ ያየ ሰው አፏን ሳትከፍት ይጮሃል። ዳላስ ጎን ባለችው ሜስኪት ውስጥ ይህን የማያውቅ ሐበሻ የለም። አንድ ጊዜማ የተዋሰችውን ድስት ልትመልስ ወደ ሥራ ስታልፍ በጠዋት አንዷን ብታንኳኳባት፣ ሴትዮዋ በመስኮት አይታ «ማንን ነው? ኧረ ማንን ነው?» ብላ ወለሉ ላይ ተዘረረች። «ድስት ነው፣ አንቺ! ድስትሽን ነው!» ብትል ማን ይስማት። ከዚያ ወዲህ የሰው ዕቃ ከሰዓት በኋላ ካልሆነ አትመልስም።

እንጀራዋ መርዶ መንገር እንዳይመስላችሁ። እንጀራዋ ኤርፖርት ዊልቸር መግፋት ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ገፍታለች። ነገር ግን ሟቹ አገር ቤት፣ አልቃሹ ዳላስ ሲሆን በመሐል ነገሩን የሚያደርስ ሆደ ሰፊ ሰው ያስፈልጋል። አንዴ በደንብ ስላደረሰች በዚያው ቀረባት። እስከ ዛሬ ሃያ ስድስት ሰው አርድታለች።

ሥርዓት አላት። መጀመሪያ የሰውዬውን ስልክ በዘዴ ታስነጥቃለች፤ ፌስቡክ የሚሉት ጉድ ቀድሞ እንዳያረዳው። ቀጥላ ሱፐርቫይዘሩን ፈልጋ ኦፍ፣ ማለትም የዕረፍት ፈቃድ፣ ታስወጣለታለች። ጥቁር ልብስ በልኩ ታዘጋጃለች። ከሁሉ በላይ ግን ታበላዋለች። «ባዶ ሆድ መርዶ አይሸከምም» ትላለች። ማታ ሰብሰብ አድርጋ ጥብሱን፣ ዱለቱን በግድ አጉርሳው፣ በሳቅ አምሽታ ታስተኛዋለች። ጎህ ሲቀድ ትመጣለች። ጭካኔ ነው ያላት ጎረምሳ አለ፤ እዚህ ያደገ ልጅ ነው፣ አይፈረድበትም። እሷ ግን ለሰው አንድ ሌሊት እንቅልፍ መጨመር ምጽዋት ነው ብላ ታምናለች።

የራሷ ጭንቀት አንድ ወንድም ነበር፤ ባስልዮስ። ደሴ ከተማ ልብስ ሰፊ ነው። እናታቸው ስትሞት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ግራ እግሩ ከልጅነቱ ስለሚያነክስ ያለ ከዘራው አይሄድም። ከሁለት ዓመት ወዲህ ኩላሊቱን አሞት በሳምንት ሁለቴ እጥበት እየተደረገለት ነው የሚኖረው። በደወለች ቁጥር መጨረሻ ላይ የሚላት አንድ ነገር ነው፦ «የሺዬ፣ አንዴ ልይሽ።» እሷም ካየችው አሥራ አራት ዓመት ሆኗት፣ ለገና ትኬት ቆርጣለች። ትደርስለት ይሆን? ሌት ተቀን የሚበላት ይኸው ነበር።

እንዲህ እያለች ሳለ ጓደኛዋ ዓለምጌጥ አንድ ቅዳሜ ማታ ደወለች። ዓለምጌጥ እዚያው ዳላስ ዙሪያ ፕሌኖ የምትኖር፣ ቤተ ክርስቲያን የማታጓድል፣ በጾም ነገር ጥብቅ የሆነች ሴት ናት። ልጇ ዮአብ ለእሱና ለእሷ ከጋልቨስተን ወደብ ለሰባት ቀን ሽርሽር የሚነሳ መርከብ ላይ ስዊት የሚሉትን የቅንጦት ክፍል ይዞ ነበር። «ዮአብ ሥራ ጠምዶት ቀረ፤ በእሱ ቦታ አንቺን አስገብቻለሁ፤ ነገ በጠዋት እንነሳ» አለቻት።

«ነገ? ሰኞ ሺፍት አለኝ እኮ!»

«ለተስፋዬ ነግሬዋለሁ፤ ሁለት ሳምንት ኦፍ ሰጥቶሻል።»

ተስፋዬ የኤርፖርቱ ሱፐርቫይዘር ነው። አንድ ቀን ኦፍ ለመስጠት ነፍሱ የምትወጣ ሰው ሁለት ሳምንት ሰጠ ሲባል የሺሐረግ ልትጠረጥር ይገባት ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ! ደስታ ግን ዓይን ይጋርዳል። ሻንጣዋን ዘጋች።

ጉዳዩ እንዲህ ነበር፤ እሷ አታውቅም እንጂ እናንተ ብታውቁት ምን ከፋ። ባስልዮስ የሞተው ያን ዕለት ቅዳሜ በጠዋት ነበር። ወሬው ዳላስ ሲደርስ ሰው ዓለምጌጥ ቤት ተሰበሰበና ጭንቅ ሆነ፤ መርዶ ነጋሪዋን ማን ያርዳት? ሲያትል የሚኖረው አጎቷ እስኪመጣ ሳምንት ያስፈልጋል፤ እስከዚያ ሜስኪት ውስጥ ከእሷ የሚደበቅ ነገር የለም። ያኔ ነው ዓለምጌጥ መርከቡን ያሰበችው። ባሕር ላይ ማን ይደውላል? ደግሞም በደንብ ትበላለች።

እሑድ ከሰዓት መርከቡ ላይ ወጡ። ስዊቱ ሁለት ክፍልና በረንዳ ነበረው። ዓለምጌጥ ገና ሻንጣ ሳይከፈት «ስልክሽን አምጪ፤ ሮሚንግ ገንዘብ ይቆርጥብሻል» ብላ ተቀበለቻትና የግድግዳው ካዝና ውስጥ ቆልፋ አስቀመጠችው። የሺሐረግ ሳቀች። «እኔ ነኝ እንዲህ የማደርገው» አለች። ዓለምጌጥ አልሳቀችም።

የስዊት እንግዶች የሚበሉበት ቤት ለብቻው ላይኛው ፎቅ ነው። ሰልፍ የለ፣ ጫጫታ የለ። ወርቅማ ካርድ ያሳየ ብቻ ነው በሩን የሚያልፈው። ምንጣፉ የእግር ድምፅ ይውጣል፤ አሥራ አምስት ጠረጴዛ ቢሆን ነው፣ የሚበሉትም ሰዎች ሹክሹክታ እንጂ ወግ የላቸውም። የሺሐረግ ስትገባ አንዳች ነገር ሰቀጠጣት። የለቅሶ ቤት እንዲህ ዝም የሚለው መርዶ ሊነገር ሲል ነው።

አስተናጋጃቸው ከጎዋ የመጣ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ትሑት ሕንዳዊ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ሰሃን ደርድሮ ጠበቃቸው።

«ሁለት ነን» አለች ዓለምጌጥ።

«ይቅርታ፣ እመቤቴ» ብሎ ሦስተኛውን አነሳ። ሰው ይሳሳታል፣ ምን አለበት። የበግ ጎድን መጣ፣ ሾርባ መጣ፣ ስሙን የማያውቁት ክሬም መጣ። ዓለምጌጥ የራሷን እየተወች «ብዪ እንጂ የሺዬ፣ ስወድሽ ይችን ብቻ» እያለች አጎረሰቻት። ፈረንጆቹ ጉርሻውን አይተው ፈገግ አሉ።

ሰኞም ሦስት ሰሃን ነበረ። አስተናጋጁ እንደገና ይቅርታ ጠይቆ አነሳው፤ እጁ ግን ትንሽ ዘገየ።

ማክሰኞ ደግሞ ሦስት። ሞት ይርሳኝ፣ ማክሰኞ እኮ ከሞተበት ቅዳሜ ሲቆጠር የሣልስት መታሰቢያው ማግስት ነው፤ ግን ማን ያስብ። አሁን አስተናጋጁ ሰሃኑን አላነሳም። ወደ በሩ ተመለከተና በትሕትና ጠየቀ፦

«አብረዋችሁ የሚገቡት ሰውዬ ዛሬም አይቀመጡም?»

«የትኛው ሰውዬ?» አለች የሺሐረግ።

«ሁልጊዜ ከኋላችሁ የሚገቡት። ቀጭን ናቸው፤ ከዘራ ይዘዋል። እስክታዝዙ ድረስ በሩ ጋ ቆመው ያያሉ።»

የሺሐረግ ዘወር አለች። በሩ ጋ ማንም የለም። ጥግ ላይ አንድ ፈረንጅ ሽማግሌ ዱላውን ወንበሩ ላይ አስደግፎ ሾርባ ይጠጣል። እሱን ተሳስቶ ይሆናል፣ ብላ ልትስቅ ፊቷን መለሰች። ያኔ ዓለምጌጥን አየቻት።

ዓለምጌጥ አመድ መስላለች። ማንኪያዋ ከእጇ ወድቆ ክሬሙ ውስጥ ገብቷል። ዓይኗ በሩ ላይ ተተክሎ ከንፈሯ «በስመ አብ» ይላል። ከዘራ የያዘ ሰው ቢመጣ ምን ያስፈራል? የሚያስፈራው ያ ባለ ከዘራ መምጣት እንደማይችል ለሚያውቅ ሰው ብቻ ነው።

የሺሐረግ የጎረሰችው አፏ ውስጥ ድንጋይ ሆነባት። ስልኬ። ኦፌ። ብዪ፣ ብዪ። የገዛ እጆቿን ሥራ አንድ ባንድ አወቀችው። ዊልቸር ላይ እንደተቀመጠ ሰው፣ ወዴት እንደሚወስዷት እያወቀች፣ እየተገፋች ነበር።

መጮህ ትችል ነበር። «ማንን ነው?» ማለት ትችል ነበር፤ ድስቷን የተቀበለችው ሴትዮ እንዳለችው። አላለችም። ሃያ ስድስት ጊዜ ያየችው ነገር አለ፦ ቃሉ ከአፍ እስኪወጣ ድረስ ሟቹ አይሞትም። ዓለምጌጥ እስካልተናገረች ባስልዬ ደሴ ቁጭ ብሎ ጨርቅ እየቀደደ ነው። ለገና ይጠብቃታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሉት እንዲህ ሳይሆን ይቀራል?

የጎረሰችውን ዋጠችው። አስተናጋጁ ሦስተኛውን ሰሃን ሊያነሳ ሲል እጇን ዘርግታ ያዘችው።

«ተወው፣ ይቀመጥ» አለችው።

ዓለምጌጥ ትን አላት።

ረቡዕ ራት ላይ የጾም ምግብ አዘዙ። የሺሐረግ ከዳቦው ቆርሳ ባዶው ሰሃን ላይ አኖረች። ሐሙስ የክት ልብስ ተለብሶ የሚበላበት ምሽት ነበር፤ ዓለምጌጥ ከሻንጣዋ ሁለት ጥቁር ቀሚስ አወጣች። አንዱ በየሺሐረግ ልክ ነበር።

«እህ፣ ማለቴ፣ ፎርማል ሲሆን ጥቁር ነው የሚለበሰው» አለች ዓለምጌጥ ዓይኗን ሰብራ።

«አውቃለሁ፣ እቴ» አለች የሺሐረግ። «አንዴ ልለካው እንጂ ዛሬ አልለብሰውም። እሑድ እለብሰዋለሁ።»

ዓለምጌጥ ማንጠልጠያውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ባሕሩ በመስኮቱ ዳር ዳር ጥቁር ሆኖ ይሄዳል፣ ጥቁር ሆኖ ይመጣል።

ዓርብ ደግሞ ጉድ ታየ። ያቺ ረቡዕና ዓርብ ዓሣ እንኳ የማትነካ ሴት «መንገደኛ አይጾምም፤ ሥጋውን ብትበዪ እግዜር ይቅር ይልሻል» ብላ ለመነቻት። የሺሐረግ ከዚህ በኋላ ተስፋ የሚባል አልቀረላትም። የሰማይ አምላክ፣ ዓለምጌጥ ጾም አስገድፋ የምታበላው ምን ቢከብድ ነው! ቢሆንም በላች፤ ለዓለምጌጥ ብላ በላች። መርዶ የተሸከመ ሰው ጀርባ እንዴት እንደሚጎብጥ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ዓለምጌጥ በአምስት ቀን ውስጥ ከስታ ነበር።

ቅዳሜ፣ በሰባተኛው ራት፣ ባዶው ሰሃን ላይ ቁራሽ ሥጋ አስቀመጠች። ጣፋጩን ሲያመጡ ዘወር ብላ የመስኮቱን ጨለማ አየች። ፊቷን ስትመልስ ቁራሹ የለም። አስተናጋጁ አንስቶት ይሆናል። አልጠየቀችም።

እሑድ ጎህ ሲቀድ መርከቡ ጋልቨስተን ቆመ። የሺሐረግ ዓለምጌጥ ሳትነቃ ተነስታ ታጠበችና ጥቁሩን ቀሚስ ለበሰች። ዓለምጌጥ ዓይኗን ስትገልጥ እግሯ ሥር ቆማ አየቻት። በማለዳ፣ በጥቁር የቆመች የሺሐረግን! ምስኪን፣ ጩኸቷን በትራስ አፈነች።

«ተነሺ፣ ቁርስ እንብላ» አለቻት የሺሐረግ። «ሰው ሜስኪት ይጠብቀናል አይደል?»

ላይኛው ቤት ከእነሱ በቀር ማንም አልነበረም። ሻንጣ የሚጎትት ሰው ድምፅ ከውጭ ይሰማል። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ሰሃን ብቻ ነበረ።

የሺሐረግ ባዶውን ቦታ አየችው። ከሰባት ቀን ሁሉ የዛሬው አስፈራት። ተቀመጠች፤ እንቁላሉን በላች፣ ዳቦውን በላች፣ ሻዩን እስከ አተላው ጠጣች። እጇን ጠረገች።

«በልቻለሁ፣ ዓለሜ። በይ ንገሪኝ።»

ዓለምጌጥ አፏን ከፈተች። «አልችልም» አለች። «የሺዬ፣ በእግዚአብሔር፣ እኔ አልችልበትም!»

እንግዲህ ማን ይንገራት? የሺሐረግ ወንበሯን ሳብ አድርጋ ተጠጋቻት፤ ሃያ ስድስት ጊዜ እንዳደረገችው የዓለምጌጥን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ድምፅዋም ያ ድምፅ ነበር፣ ዝግ ያለው፣ ዳላስ የሚፈራው።

«በርቺ። ለሁላችንም የማይቀር ነው። ብዙ ተሠቃይቶ ነበር፤ አሁን አርፏል። ባስልዮስ…»

የወንድሟን ስም ከገዛ አፏ ስትሰማው ገደለችው። «ወንድሜን! ባስልዬን! ጀርባዬን!» ብላ ደረቷን ስትመታ ብርጭቆው ተገለበጠ፤ ዓለምጌጥም ሰባት ቀን ያመቀችውን ለቀቀችው። የዚያ ቤት ምንጣፍ የእግር ድምፅ ይውጣል እንጂ ዋይታ መዋጥ አያውቅም።

አስተናጋጁ እየሮጠ መጣ። ዓለምጌጥ በእንባዋ መሐል «ወንድሟ ነው፤ ሞቷል» አለችው።

አስተናጋጁ በደረቱ ላይ አማተበ። ከዚያ ግራ ተጋብቶ ወደ በሩ አየ።

«ከዘራ የያዙት? ምን ሆነው? አሁን እኮ ነው ወጥተው የሄዱት፣ እናንተ ስትገቡ። ሰሃናቸውን ላስቀምጥ ስል ‹ይበቃኛል፣ አይቻታለሁ› አሉኝ።»

የሺሐረግ ጫማዋን ጥላ ተነሳች። ሻንጣቸውን ይዘው የተሰለፉትን ፈረንጆች እየገፋች፣ በጥቁር ቀሚሷ፣ ደረጃውን ቁልቁል ሮጠች።

«ባስልዬ! አንተስ አየኸኝ፤ እኔስ? ቁም እንጂ፣ አንዴ ልይህ!»